ቃኚውን ሲጠብቁ የቀሩት ሄሊኮፕተሮች፦ ሶፍትዌሮች ለምን ደንብና ድርጅት አስፈለጋቸው?

የጥቃት ሄሊኮፕተሮች ምድብ ከጠላት ይዞታ ራቅ ብሎ በተመደበለት መቆያ ስፍራ ደርሷል። በዕቅዱ መሠረት አንዱ ቃኚ ሆኖ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የውጊያውን ቦታ አይቶ መልእክት ይልካል፤ የቀሩት ይከተላሉ። ቃኚው ተነሣ። ነገር ግን ከኮረብታ ጋር ተላትሞ ወደቀ። የቀሩት በመቆያ ስፍራቸው ሆነው መልእክቱን ይጠባበቁ ጀመር። ጠበቁ፤ አሁንም ጠበቁ። ላኪው የሌለ መልእክት ሊደርስ አይችልምና ጥበቃቸው ማብቂያ አልነበረውም።

በዚህ አደጋ ሕይወቱን ያጣ ሰው የለም። ሄሊኮፕተሮቹም ኮረብታውም ለአሜሪካ ጦር ሥልጠና ተብሎ በኮምፒውተር ውስጥ በተፈጠረ ምስለ ውጊያ ውስጥ የነበሩ ናቸው። እያንዳንዱን ሄሊኮፕተር የሚያበርረው ራሱን የቻለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ሥራው የተካሄደው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ሲሆን፣ ተመራማሪው ሚሊንድ ታምቤ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ ውድቀቶችን ሳይደብቁ ዘርዝረዋቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሌላ ልምምድ አዛዡ ተልእኮው መጠናቀቁን ተረድቶ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፤ «ተልእኮው አብቅቷል» የሚለው መልእክቱ ግን ጠፍቶ ኖሮ ባልደረቦቹ በውጊያው ስፍራ ተትተው ቀሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ አብራሪ ትእዛዙን ከሁሉም ቀድሞ አንብቦ ብቻውን ወደ ጦር ሜዳ ገሰገሰ፤ ጓዶቹ ገና ከመነሻቸው አልተንቀሳቀሱም ነበር።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሥራውን የማያውቅ አብራሪ የለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም መብረሩን፣ መሸሸጉን፣ ዒላማ መለየቱን ተምሯል። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። አብራሪዎቹ «መልእክት ሲመጣ ተከተል» የሚል ትእዛዝ ነበራቸው፤ ቃኚነት የሌሎቹ ሁሉ ሥራ የተንጠለጠለበት ሚና መሆኑን፣ ያ ሚና ባዶ ከቀረ ሌላ መተካት እንዳለበት የሚነግራቸው ግን አልነበረም። አንድ ውድቀት በታየ ቁጥር አንድ ልዩ ትእዛዝ መጨመር ይቻላል። ሆኖም ነገ የሚመጣው ውድቀት ትናንት ከታየው የተለየ ነውና፣ በዚህ መንገድ የተጣፈ ሶፍትዌር ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ታምቤ ያቀረቡት መፍትሔ «ስቲም» ይባላል። መነሻው ፊሊፕ ኮኸንና ሄክተር ሌቬክ የተባሉ ተመራማሪዎች የቀመሩት የጋራ ዓላማ ንድፈ ሐሳብ ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቡድኑ ግብ መሳካቱን፣ ወይም ከእንግዲህ ሊሳካ አለመቻሉን፣ ወይም ትርጉም ማጣቱን በግሉ ያወቀ አባል፣ ነገሩ የሁሉም እውቀት እስኪሆን ድረስ ሥራውን ጥሎ መሄድ አይፈቀድለትም። ወደ ሰፈሩ ብቻውን የተመለሰው አዛዥ መልእክቱን ልኳል፤ መድረሱን ግን አላረጋገጠም። ከዚህም ሌላ ታምቤ የቡድኑ ሥራ በየትኛው ሚና ላይ እንደሚመረኮዝ በግልጽ እንዲጻፍ አደረጉ። ቃኚው ሲወድቅ የቀሩት የጠፋው አንድ ሄሊኮፕተር ብቻ እንዳልሆነ፣ የጋራው ሥራ መሰናከሉን ይረዳሉ፤ ከዚያም ሚናውን የሚረከብ ይፈለጋል። ስቲም መልእክት የመላክን ዋጋ ዝም ማለት ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር የሚያመዛዝንበት ስሌትም አለው፤ በጦር ሜዳ ሬዲዮ መክፈት ራስን ማጋለጥ ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉም የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ይኸው የቡድን ሥራ እውቀት ከሄሊኮፕተሮቹ ተወስዶ በሮቦካፕ ውድድር ለሚሳተፉ የኮምፒውተር እግር ኳስ ተጫዋቾች ጥቅም ላይ ዋለ። ስለ መብረር የሚያውቀው ክፍል ለኳስ ምንም አይፈይድም፤ ስለ አብሮ መሥራት የሚያውቀው ክፍል ግን አገለገለ። አብሮ መሥራት ከሙያው ተነጥሎ፣ ለብቻው ሊጻፍ የሚችል ነገር ነበር ማለት ነው።

ከተናጠል ብልህነት ወደ መዋቅር

በዘርፉ «ኤጀንት» የሚባለውን በአማርኛ «ወኪል» እንበለው። ወኪል ማለት የተሰጠውን ግብ ይዞ፣ አካባቢውን እያየ፣ በየእርምጃው ሰው ሳያዝዘው የሚንቀሳቀስ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ወኪሎች አብረው ሲሠሩ ባለብዙ ወኪል ሥርዓት ይባላል። የዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው ጠላት ሒሳብ ነው። አሥር ወኪሎች እርስ በርስ በነጻነት ቢነጋገሩ 45 የመነጋገሪያ መስመሮች ይፈጠራሉ። መቶ ሲሆኑ 4,950፤ ሺህ ሲሆኑ 499,500። የአባላቱ ቁጥር አሥር እጥፍ ሲያድግ ጫጫታው መቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል። ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፋቸው የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን እንደሚያዘገየው የጻፉት ከምክንያቶቹ አንዱን በዚሁ ሒሳብ አድርገው ነው፤ እርሳቸው የሚያወሩት ስለ ሰዎች ነበር።

እኔም በተማሪነቴ ዘመን ይህንን በትንሹ ቀምሼዋለሁ። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሱ ስድስት ወኪሎችን በኮምፒውተር ሠርቼ፣ «መንገድ ላይ ከተገናኛችሁ ቅድሚያ ስጡ» የሚል ጨዋ ትእዛዝ ሰጥቻቸው ማታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ሁለቱ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተገናኝተው ሌሊቱን ሙሉ «እለፍ»፣ «የለም፣ አንተ እለፍ» ሲባባሉ አድረዋል። በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሐበሾች ይመስሉ ነበር። ሰዎች እንኳ በመጨረሻ በዕድሜ ወይም በእንግድነት ይለያሉ፤ ለእነዚያ ግን ማን ቅድሚያ እንዳለው የሚወስን ሥርዓት አልሰጠኋቸውም።

ሰዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መልስ ድርጅት ነው። ኸርበርት ሳይመን በ1947 ስለ አስተዳደር ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ቁልፍ ነገር አስተውለዋል። የሰው የማሰብ አቅም ውሱን ነው፤ የድርጅት ትልቁ ጥቅምም እያንዳንዱ ሰው ማሰብ ያለበትን ነገር ማጥበቡ ነው። ገንዘብ ያዡ ስለ ሒሳቡ ያስባል፤ የተቀረውን የሚያስብ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃልና በሰላም ይተኛል። ሳይመን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናት ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ በ1975 ከባልደረባቸው አለን ኒዌል ጋር የኮምፒውተር ሳይንስን ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት፣ በ1978 ደግሞ የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል። የድርጅት ጥናትና የአስተውሎት ጥናት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይኖሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሳቡ ወደ ሶፍትዌር የተሸጋገረው ደረጃ በደረጃ ነው። ሪድ ስሚዝ በ1980 ለኮምፒውተሮች የጨረታ ሥርዓት አቀረቡ። ሥራ የበዛበት ኮምፒውተር ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሌሎቹ አቅማቸውን ገልጸው ይጫረታሉ፤ አሸናፊው ሥራውን ይረከባል፤ ከፈለገም ከፋፍሎ በተራው ጨረታ ያወጣል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1981 የካርኔጊ ሜለኑ ማርክ ፎክስ የተበታተኑ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን እንደ ሰው ድርጅት ልናያቸው እንደሚገባ በግልጽ ጻፉ። በ1983 ደግሞ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ኮርኪልና ቪክተር ሌሰር ተሽከርካሪዎችን የሚከታተሉ የኮምፒውተር ጣቢያዎችን ሲያጠኑ ልብ የሚባል ነገር ገጠማቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚያየው ከፊል እውነት ነው፤ ተሳስቶ የላከው መረጃ ጎረቤቱንም ከትክክለኛ ሥራው ያዘናጋዋል። መፍትሔያቸው ለእያንዳንዱ ጣቢያ የኃላፊነት አካባቢ መስጠት ሆነ። ጣቢያው በዝርዝሩ የራሱን ውሳኔ ይወስናል፤ ለምን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ግን መዋቅሩ አስቀድሞ ነግሮታል።

ደንቡ የሰው ስም አይጠራም

ነገሩን ይበልጥ ያጠሩት ፈረንሳውያን ናቸው። ዣክ ፈርበርና ኦሊቪየ ጉትክኔሽት በ1998 ባቀረቡት ሞዴል ማንኛውም የወኪሎች ድርጅት በሦስት ቃላት ሊገለጽ እንደሚችል ተከራከሩ፦ ወኪል፣ ቡድን፣ ሚና። ወኪሉ በቡድን ውስጥ ሚና ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ በተለያዩ ቡድኖች የተለያዩ ሚናዎች ሊኖሩት ይችላል። የወኪሉ ውስጣዊ አሠራር ምን እንደሚመስል፣ ብልህ ይሁን ደንቆሮ፣ ሞዴሉ አይጠይቅም።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ደንቡ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጥሩምባ ነፊ ይላል እንጂ የሰው ስም አይጠራም። ገንዘብ ያዡ አገር ቢለቅ እድሩ አይፈርስም፤ ቦታው ክፍት መሆኑ ይታወቃል፣ ሌላ ይመረጣል። የአንዱ እድር ሰብሳቢ በሌላው እድር ተራ አባል ሊሆን ይችላል። ጥሩምባው በስልክ መልእክት ቢተካም የማስታወቅ ግዴታው ያው ነው። ሄሊኮፕተሮቹ ያጡት ይህንኑ ነው፤ «ቃኚ» የሚባል ቦታ አልነበራቸውም፣ የነበራቸው አንድ የሚያውቁት ሄሊኮፕተር ብቻ ነበር።

ከዚህ የተነሡት የፈረንሳይና የብራዚል ተመራማሪዎች፣ በተለይም ጆሚ ሁብነር፣ ዣይሜ ሲሽማንና ኦሊቪየ ቧሲየ፣ በ2002 «ሞይዝ ፕላስ» የተባለውን ሞዴል አወጡ። በእኔ አስተያየት እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ አስተማሪው ይህ ነው። ድርጅቱን በሦስት ገጽ ይጽፉታል። አንደኛው ገጽ ሚናዎቹንና ቡድኖቹን ይዘረዝራል፤ ማን በማን ላይ ሥልጣን እንዳለው፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ስንት ሰው አንድን ሚና መያዝ እንደሚችል ይወስናል። ሁለተኛው የሥራውን ቅደም ተከተል ይይዛል። ሦስተኛው ሁለቱን ያስተሳስራል፤ የትኛው ሚና ለየትኛው ተግባር ግዴታ እንዳለበት፣ የትኛው ፈቃድ ብቻ እንዳለው ይናገራል። ሦስቱን መለየት ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው አንዱን መለወጥ ሲያስፈልግ ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተል ሲሻሻል ሹመቱን ሁሉ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ከጣልያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ባዘጋጁት «ጃካሞ» በተባለ የፕሮግራም መሥሪያ ውስጥ የሚያቀርቡት ምሳሌ ውጭ አገር ሆኖ ቤት ለሚያሠራ አንባቢ ቅርብ ነው። ጃኮሞ የሚባል ወኪል ቤት መሥራት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል ጨረታ ያወጣል፤ የኩባንያ ወኪሎች ዋጋ ይሰጣሉ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። እስከዚህ ድረስ የስሚዝ የ1980ው ሐሳብ ነው። ግን ጨረታው ካለቀ በኋላስ? አሸናፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የእያንዳንዳቸውን ፕሮግራም የጻፈው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ድርጅቱ ይገባል። መሬቱ ይደለደላል፣ ወለሉ ይነጠፋል፣ ግድግዳው ይቆማል፤ እነዚህ ተራ በተራ ናቸው። ከዚያ ጣሪያው፣ መስኮቱና በሩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቀጥሎ የቧንቧው፣ የኤሌክትሪኩና የውጭ ቀለሙ ሥራ፤ በመጨረሻ የውስጥ ቀለም። ቀለም ቀቢው ግንበኛውን ስልክ ደውሎ «ጨርሰሃል ወይ?» አይለውም። ግድግዳው ማለቁ በጋራው መዝገብ ላይ ሲሰፍር መዝገቡ ራሱ ግዴታን ይፈጥራል፤ ቀጣዩ ባለሙያ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሥራ እስከዚህ ቀን መጨረስ ይኖርብሃል» የሚል ማስታወቂያ ይደርሰዋል።

ቀኑ ቢያልፍስ? የሄሊኮፕተሮቹ ታሪክ ከዚህ ላይ ይለያል። ሥራው ካልተፈጸመ ግዴታው መጣሱ በዚያው መዝገብ ላይ ይታያል፤ ባለቤቱ ወኪል ያነብበዋል፣ ሌላ ሊቀጥር ይችላል። ማንም ያልመጣውን ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም። አገር ቤት ዘመድ ወክሎ፣ ገንዘብ እየላከ፣ ጣሪያው ለምን እንደዘገየ ከሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ምክንያት የሰማ አንባቢ የዚህን መዝገብ ዋጋ ከእኔ በላይ ያውቃል።

የዘርፉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ልዩነት ያደርጋሉ። አንዳንድ ደንብ ሊጣስ የማይችል ሆኖ ይሠራል፤ ሌላው ሊጣስ ይችላል፣ ግን መጣሱ ይታወቃል፣ ቅጣትም ይከተለዋል። የእድሩ ሣጥን ሦስት ሰዎች በየራሳቸው ቁልፍ ካልተገኙ የማይከፈት ከሆነ ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከቀብር የቀረ አባል የሚከፍለው መቀጫ ሁለተኛው ነው። መሐንዲሶች በተፈጥሯችን ሁሉንም ደንብ ሣጥን ማድረግ እንወዳለን። ነገር ግን ሁሉም ነገር የተቆለፈበት ሥርዓት ያልታሰበ ሁኔታ ሲመጣ መተንፈሻ የለውም፤ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ቀለም ቀቢው ተራው እስኪደርስ ይቆማል። የትኛው ደንብ ቁልፍ፣ የትኛው መቀጫ ይሁን የሚለው ምርጫ የንድፉ ከባዱ ክፍል ነው።

ለድርጅት አንድ ቅርጽ ብቻ አለ ማለትም አይደለም። ብራያን ሆርሊንግና ቪክተር ሌሰር በ2004 ባወጡት የዳሰሳ ጥናት አሥር ያህል ቅርጾችን መርምረዋል፤ ተዋረድ፣ ገበያ፣ ቡድን፣ ጊዜያዊ ጥምረት፣ ፌዴሬሽን፣ እንዲሁም አርተር ኬስትለር በ1967 «ሆሎን» ብለው በሰየሙት፣ በራሱ ሙሉ ሆኖ የሌላ ትልቅ ነገር ክፍል በሆነ አሃድ ላይ የተመሠረተው መዋቅር ይገኙባቸዋል። ተዋረድ መልእክትን ይቀንሳል፤ ከላይ ያለው አንዱ ሲወድቅ ግን የበታቾቹ ሁሉ ይበተናሉ። ገበያ ፈጣንና ተለዋዋጭ ነው፤ ተጫራቹ ስለ አቅሙ ቢዋሽ ግን መከላከያው ደካማ ነው። ጥናቱ ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ቅርጽ እንደሌለ ይደመድማል።

ሹመት ያዳብር

ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመታት የጥቂት ተመራማሪዎች ጨዋታ ነበር። በ2023 ግን ነገሩ በድንገት ወደ አደባባይ ወጣ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሲመጡ፣ አንዱን ሞዴል በብዙ ቅጂ አስነሥቶ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ መስጠት ቀላል ሆነ። በቻይና የቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት «ቻትዴቭ» ሶፍትዌር የሚሠራ ምናባዊ ኩባንያ ነው፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የቴክኖሎጂ ኃላፊ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ገምጋሚ፣ ፈታሽ፣ ሁሉም የቋንቋ ሞዴሎች ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣው «ሜታጂፒቲ» ደግሞ የኩባንያን የአሠራር መመሪያ መነሻው አደረገ። ወኪሎቹ እንደ ልብ ከማውጋት ይልቅ ቅርጽ ያለው ሰነድ ይረካከባሉ፤ የምርት ኃላፊው የፍላጎት ሰነድ፣ የሥርዓት ነዳፊው ንድፍ፣ መሐንዲሱ ኮድ ያስረክባሉ። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ይማርከኛል፤ ሰነድ ወሬ እንደሚጠፋ አይጠፋምና።

በ2025 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚገኙ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች ለምን እንደሚወድቁ መዝገባቸውን እያገላበጡ መረመሩ። 14 የውድቀት ዓይነቶችን ለይተው በሦስት ምድብ አስቀመጧቸው፦ ከአነዳደፉ የሚመነጩ፣ ከወኪሎች አለመግባባት የሚመነጩ፣ ሥራን ሳያረጋግጡ ከማስረከብ የሚመነጩ። ዝርዝሩን ያነበበ መሐንዲስ ስለ ሶፍትዌር ሳይሆን ስለ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። በቻትዴቭ ውስጥ የምርት ኃላፊው አንዳንድ ጊዜ የዋና ሥራ አስፈጻሚውን ቦታ ወስዶ የመጨረሻውን ውሳኔ ራሱ ይሰጣል። እንዲሠራ የታዘዘ የቼዝ ጨዋታ ፕሮግራም ፍተሻውን «አልፎ» ይወጣል፤ ፈታሹ ያየው ኮዱ ስሕተት ሳያሳይ መነሣቱን እንጂ የቼዝን ሕግ መከተሉን አልነበረም። ሌላው ምሳሌ ወደ ሄሊኮፕተሮቹ ይመልሰናል። አንድ ተቆጣጣሪ ወኪል ስልክ ነክ ሥራዎችን የሚሠራውን ወኪል በተሳሳተ የመለያ ስም እንዲገባ ያዝዘዋል። የስልኩ ወኪል ትክክለኛው የመለያ ስም ስልክ ቁጥር መሆን እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ በእጁ አለ፤ ግን አይናገርም። ተቆጣጣሪውም አይጠይቅም። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሥራው «አልተፈጸመም» ተብሎ ይዘጋል።

ለዚህ ሁሉ ሞዴሎቹ ገና ብልህ ስላልሆኑ ነው የሚል መልስ በሰፊው ይሰማል። በከፊል እውነት አለው። በርክሌዮቹ ግን በደንብ ያልተደራጀ መሥሪያ ቤት በብልህ ሠራተኞች ቢሞላም ሊወድቅ እንደሚችል የድርጅት ጥናትን ጠቅሰው ያስታውሳሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ልዩነቱ የሚታየው ሚናው የት እንደተጻፈ ስንጠይቅ ነው። በሞይዝ ዓይነት ሥርዓት ሚናው፣ ግዴታውና ቅደም ተከተሉ ከወኪሉ ውጭ፣ ሁሉም ሊያነብበው በሚችል መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ወኪሉ ቢረሳው እንኳ መዝገቡ አይረሳም። በብዙዎቹ አዳዲስ ሥርዓቶች ግን ሚናው ለሞዴሉ በሚሰጠው የመግቢያ ጽሑፍ ውስጥ «አንተ የምርት ኃላፊ ነህ» ተብሎ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ነው። ወኪሉ ከድንበሩ ሲያልፍ የሚያስቆመውም፣ ማለፉን የሚመዘግብም የለም። ይህን የመሰለውን አሠራር ሹመት ያዳብር ብሎ ከመሸኘት ለይቼ ማየት ይቸግረኛል።

ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅንበት። ነገር ግን ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን በእነዚህ ወኪሎች በኩል ማስተናገድ ጀምረዋል። በ2022 አንድ ካናዳዊ አያቱ ሞተውበት ከቫንኩቨር ወደ ቶሮንቶ ለመብረር የኤር ካናዳን ድረ ገጽ ከፈተ። በድረ ገጹ ላይ ያለው መልስ ሰጪ ሶፍትዌር፣ ትኬቱን አሁን ገዝቶ የሐዘንተኞችን ቅናሽ በኋላ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የአየር መንገዱ እውነተኛ ደንብ ግን ይህንን አይፈቅድም ነበር፤ ቅናሹን ከለከሉት። ሐዘን ደርሶበት በዚያው ሌሊት ትኬት የቆረጠ ሁሉ በእንዲህ ያለ ሰዓት የትኬት ደንብ የሚመረምር ልብ እንደማይኖር ያውቃል። ጉዳዩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክሮችን በሚያየው የዳኝነት አካል ፊት ሲቀርብ፣ አየር መንገዱ ካነሣቸው መከራከሪያዎች አንዱ ሶፍትዌሩ ለሰጠው መረጃ ኩባንያው ኃላፊ አይደለም የሚል ነበር። ዳኛው በየካቲት 2024 በሰጡት ውሳኔ ይህ ሶፍትዌሩን ለራሱ ድርጊት በራሱ የሚጠየቅ የተለየ ሕጋዊ አካል እንደማድረግ መሆኑን ጠቅሰው ክርክሩን ውድቅ አደረጉት። መንገደኛው ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፈለው ተወሰነ።

በዚያ ጉዳይ የተናገረው አንድ ሶፍትዌር ነበር። አሁን በሚሠሩት ሥርዓቶች አንዱ ወኪል ጥያቄውን ይቀበላል፣ ሁለተኛው ደንቡን ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ዋጋ ያሰላል፣ አራተኛው መልሱን ያሳምራል፣ አምስተኛው «ተፈትሿል» ብሎ ያሳልፋል። ለደንበኛው የሚጠየቀው ኩባንያው መሆኑን ዳኛው ነግረውናል። ኩባንያው ግን ስሕተቱን ለማረም ደንቡን የማረጋገጥ ግዴታ በየትኛው ሚና ላይ እንደነበረ፣ ያ ሚናም በዚያ ሰዓት ባለቤት እንደነበረው ወይም እንዳልነበረው የሚናገር መዝገብ ያስፈልገዋል። መዝገቡ ከሌለ የሚቀረው አምስቱ ወኪሎች እርስ በርስ የተለዋወጡት ረዥም ወግ ነው፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነብበዋል።